ተገኝቶበታል፤ ዝጊው

አባቴ ስልክ በቀየረ ቁጥር ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሻግርለት ሰው እኔ ነኝ። ፎቶው ቢቀር ግድ የለውም፤ የሰው ቁጥር ቢጠፋም «የፈለገኝ ራሱ ይደውላል» ብሎ ያልፈዋል። ከእህቱ ጋር የተጻጻፈው ላይ ሲደርስ ግን ወንበር ስቦ አጠገቤ ይቀመጥና እስካሻግረው ድረስ ዓይኑን አይነቅልም። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ስልክ ቀይሯል። ሦስቱንም ጊዜ ያቺን የመጨረሻ መልእክት፣ ከሥሯ «ታይቷል» ከሚለው ትንሽ ቃል ጋር፣ በገዛ እጄ አሻግሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነገር ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ገጥሜዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ በጤና ጣቢያው የወረርሽኝ ክትትል ኃላፊ ነበር፤ እናቴ የአውቶቡስ ትኬት ትቆርጣለች። ሁለቱም የሚገቡት ሲመሽ ስለሆነ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው አክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ልብስ ሰፊ። አባቴ «እትዬ» ስለሚላት እኔም እትዬ እላት ነበር። የቤቷ የፊት ክፍል ሥራ ቤቷ ነው፤ የስፌት መኪና፣ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ የመጋረጃ ጨርቅ። ሁልጊዜ ካውያ የነካው እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። የወለሉ ክር ካልሲዬ ላይ ተጣብቆ ቤታችን ድረስ ይከተለኛል፤ እናቴም «ዛሬ ደግሞ ምን ቀለም ሰፋችሁ?» ትለኛለች።

እትዬ አንገቷ ላይ ሁለት ነገር ተንጠልጥሎ ይውላል፤ አንዱ ሜትሯ፣ ሁለተኛው ከመንገዱ ማዶ ያለው የጸሎት አዳራሽ ቁልፍ። አዳራሹን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት። ከመቶ የሚበልጥ ሰው እየመጣ ይዘምርበታል፤ የእሷ ድምፅ ከሁሉም በላይ እንደሚሰማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ያቺ ድምፀ መልካም ሴት ግን በስልክ ጉዳይ ምስኪን ነበረች። አባቴ የገዛላት ስልክ ገና ከመምጣቱ አመለኛ ሆነ። ይግላል። ወሬ መሐል ራሱን ያጠፋል። ሳይጠሩት የጫማ ማስታወቂያ ይዘረጋል። «ማዘመን ያስፈልጋል» ይልና ሲያዘምኑት ይብስበታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድንገት መስታወቱን ቀይ አድርጎ «ስልክዎ ላይ ቫይረስ ተገኝቷል!» የሚለው ነገር ነው። መርፌ ዕድሜዋን ሙሉ የወጋጋው የጣቷ ጫፍ ደድሮ ስለነበር ስልኩ ስትነካው አያውቃትም። «ስንቱን ጨርቅ ያስገበርኩ ሴትዮ ይሄ ብርጭቆ ይንቀኛል?» እያለች ትስቅ ነበር። ፊደሉም ደቅቆባት መነጽር ካደረገች በኋላ እንኳ ዓይኗ ያለቅሳል። ስለዚህ የሚመጣላትን የማነብላት፣ የምትለውን የምጽፍላት፣ ሲያምጽ የማስታግስላት እኔ ነበርኩ። «ኢንጂነሯ» ትለኛለች። ደንበኛ ሲመጣ ሳይቀር «ቆይ ኢንጂነሯን ልጠይቃት» ስትል ጭንቅላቴ ጣሪያ ይነካል።

እኔም ሲያቅተኝ አባቴ ጋ እደውላለሁ። የአባቴ የጥገና እውቀት ደግሞ ከአንድ መድኃኒት አያልፍም። ቢግል፣ ቢደርቅ፣ ቢቀላ መልሱ ያው ነው፤ «ዝጊውና ክፈቺው»። ሲቸኩል «ዝጊው» ብቻ ይላል።

በዚያ ሰሞን ትልልቆቹ ስለ በሽታው ብቻ ያወራሉ። ሳንባ የሚይዝ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ይሄዳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ መጣና የሥራ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመ። እትዬ ግባ ብትለው እንቢ አለ። እኔ በመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር የልብስ ቁልፎች በቀለማቸው እለይ ነበር፤ ተቆጥቶ ነው የማይገባው አልኩ። ሳልስመው ይሄዳል ብዬም ከፋኝ። ከሕመምተኞች ክፍል በቀጥታ መምጣቱን፣ እኛን እንዳይነካ ፈርቶ መቆሙን ያወቅሁት በጣም ቆይቼ ነው።

«ገበያው ክፍት ነው፤ አውቶቡሱ ሰው በሰው ላይ ጭኖ ይሄዳል። በሽታው አድራሻ የሚያውቀው የእኛን አዳራሽ ብቻ ነው?» አለችው።

«ገበያ ውስጥ ሰው አፉን ከፍቶ ሁለት ሰዓት አይዘምርም፣ እትዬ።»

እሷ የመኪናዋን መርገጫ ረገጠች። እሱ ሊናገር ሲል መኪናዋ ትጮሃለች፤ ዝም ሲል ዝም ትላለች። እሷ የምትለው፣ ሰው የቀረው ጸሎቱ ብቻ ነው፤ ጸሎትን በወረቀት የሚዘጋ ቢሮ ዛሬ ለበሽታ ቢዘጋ ነገ ለሌላ ነገር ለመዝጋት እጁ ይለምዳል። እሱ የሚለው፣ ከፈጣሪዋ ጋር ጠብ የለውም፤ ጠቡ ከትንፋሽ ጋር ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው የሚሻለው። ከዚያ ከኪሱ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣ። እትዬ የአንገቷን ቁልፍ ጨበጠች። እኔ ሊቀማት ነው አልኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተነጋገሩ፤ የደረሰኝ ጭራ ጭራው ብቻ ነው፤ «…በገዛ እጄ»፣ «…ቃልሽ ነው?»፣ «ቃሌ ነው»። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ከተተና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

እሷ አሸነፈች፣ እሱ ተሸነፈ፤ እኔ የተረዳሁት ይህን ብቻ ነበር። ለአባቴ አዘንኩ፤ ግን ቁልፉ እሷው አንገት ላይ በመቅረቱ ደስ አለኝ።

የሆነው ሌላ ነው። ወረቀቱ አዳራሹን ለማሸግ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ የጎደለው የእሱ ፊርማ ብቻ ነበር። አልፈረመም። ከአዳራሹ ሰዎች በሽታው የተገኘበት እስከሌለ ድረስ እሱ በራቸውን ላይነካ፣ አንድ ሰው የተገኘ ቀን ግን አንድ ቃል ሊልክላት፣ እሷም በገዛ እጇ ልትዘጋው ተስማሙ። የታመመውን ስም መናገር አይፈቀድለትም። «ስም አልጠይቅህም፤ አንተም እምነቴን አትጠይቀኝ» ብላዋለች። እንጀራውን በእህቱ ቃል ላይ አስቀምጦ ነው የወጣው። ያን ጊዜ ሁለቱም አላሸነፉም፤ ተማምነው ነው የተለያዩት።

ከሳምንት በኋላ፣ ትምህርት በሌለበት ቅዳሜ፣ ስልኩ እብድ ሆኖ ዋለ። አምስት ጊዜ ቀላ፤ አምስቱንም ጊዜ «ቫይረስ ተገኝቷል!» አለ። አባቴ ጋ ደወልኩ። ከኋላው ሰው ያስላል፣ አልጋ ሲጎተት ይሰማል። «ዝጊውና ክፈቺው አልኩሽ እኮ፤ ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው። ዘግቼ ከፈትኩት። ትንሽ ሲረጋጋ እየሰረቅሁ ፊኛ የሚያፈነዳውን ጨዋታ እጫወት ጀመር።

ጨዋታው መሐል የአባቴ መልእክት መጣ። ነካሁት፤ ተከፈተ።

«ተገኝቶበታል። ዝጊው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። አባቴ የስልኩ ሕመም በመጨረሻ ገባው አልኩ። ቫይረሱ ተገኝቶበታል፤ መዘጋት አለበት። ስልኩ ራሱ ጠዋቱን ሙሉ በቀይ ሲለው የዋለውን ነው አባቴ የደገመልኝ።

እትዬ ከጠረጴዛው ማዶ ነበረች፤ ስፒል በከንፈሯ ነክሳለች። ስልኩ ሲጮህ ሰምታለች። «አባትሽ ነው?» አለችኝ በተገጠመ አፏ። አዎ አልኳት። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣች። የመኪናዋን መዘውር በመዳፏ ይዛ አቆመችው። ይህ መዘውር ሰው ሲሞት እንኳ የሚቆም አይመስለኝም ነበር።

«ምን አለ? አንብቢልኝ።»

ሁለት ቃል ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያነበዋል። እኔ ግን ኢንጂነር ነኝ፤ ኢንጂነር ደግሞ ያስረዳል እንጂ አያነብም።

«ስለ ስልኩ ነው፣ እትዬ። አይገባሽም» አልኳት።

ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «ተመስገን» አለች፤ ሳቀችም። «እኔ ደግሞ…» ብላ ሳትጨርሰው ስፒሎቿን መልሳ ነከሰች። መዘውሩ ዞረ። ስልኩን ዘጋሁት። አባዬ መጥቶ እስኪያየው እንዳትከፍተው አስጠነቀቅኳት፤ ቫይረሱ እንዳይወጣ በመጋረጃ ቁራጭ ጠቅልዬ የክር መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኩት። እሺ ኢንጂነሯ አለችኝ። የሥራ ቀኔ በደንብ ያለቀ መስሎኝ ቁልፎቼን ወደመለየቴ ተመለስኩ።

አባቴ በዚያ ሰዓት ስልኩን እያየ ነበር። «ታይቷል» አለው። ቃሉ ማን እንዳየ አይናገርም። ታይቷል፣ በቃ። ከዚያ ሊያረጋግጥ ደወለ፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው አለው የተቀዳ የሴት ድምፅ። ደግሞ ደወለ። እህቱ አይታ፣ ተናዳ፣ ስልኩን እንደዘጋችበት ገመተ። ቢሆንም ቃሏን ትጠብቃለች አለ። ሠላሳ አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሆነው ነበር የሚሠሩት፤ ጥሎ መምጣት አልቻለም፤ ሌሊቱንም እዚያው አደረ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ የአዳራሹን ሁለት መዝጊያ ወለል አድርጋ ከፈተችው። እኔ ማዶ፣ ከሥራ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጬ አያለሁ። ዘመሩ። የአዳራሹ መስታወት በትንፋሽ ደበዘዘ፤ ከውስጥ አንድ ልጅ በጣቱ አበባ ሲስልበት አየሁ። በጣም ያምር ነበር።

ሠላሳ አንድ ሰው ታመመ። አራቱ አልተረፉም። ከአራቱ አንዱ በር ላይ ቆመው ወንበር የሚያቀብሉት ሽማግሌ ናቸው፤ ለእኔ ሁልጊዜ የጫፉን ወንበር ይሰጡኝ ነበር። እትዬ ስድስት ሳምንት ተኝታ ተነሣች። ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። ትኩሳቱ ነው አሉ፣ መድኃኒቱ ነው አሉ፤ ብቻ ያቺ ድምፀ መልካም ሴት የራሷን ድምፅ ሳትሰማ ቀረች። አባቴ ለምን አልፈረምክም ተብሎ ተጠየቀ። እህቴን አምኜ ነው ማለት በቢሮ ቋንቋ መልስ አይደለም። ከኃላፊነቱ ተነሥቶ መድኃኒት መጋዘን ካርቶን ቆጣሪ ሆነ።

ተኝታ ሳለች አንድ ቀን ይዞኝ ሄደ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ፊቷ ላይ ያዘው። «ታይቷል ይላል። ቃል ነበረን» አላት። እሷ መነጽር አላደረገችም፤ ጆሮዋም ያኔ መሄዱን ገና ማንም አላወቀም። አፉ ሲንቀሳቀስ አየች። «ቃል ነበረን» አለችው እሷም፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ተሰዳደቡ ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ሳስበው፣ እሱ አይታ ናቀችኝ ብሏል፤ እሷም እያወቀ ሳይነግረኝ ቀረ ብላለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ስልኩም እንደጠቀለልኩት መሳቢያው ውስጥ ቀረ፤ የማይሰማ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል ብላ።

በዘጠኝ ዓመቴ ምንም አላወቅሁም። ይህን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም፤ ምክንያቱም በአሥራ ሦስት ዓመቴ አውቄያለሁ። እቃ ሳጥብ አባቴ ለእናቴ መልእክቱን እያሳየ ስለ ቃል ኪዳናቸው ይነግራታል። «ሁለት ቃል ነው የላክሁላት። ተገኝቶበታል፤ ዝጊው። ሌላ ምን ልበላት?» አለ። እጄ ከነሳሙናው ውኃው ውስጥ ቆመ። ዞር ብዬ «አባዬ፣ ያየሁት እኔ ነኝ» ለማለት ሦስት እርምጃ ነው የሚቀረኝ። ብርጭቆውን አለቀለቅሁ። ቀጥዬ ሳህኑን አነሣሁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔ ወለምታ የልጅ ነበርና ይታሽ ነበር፤ ያላሸሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ፈተና ነበረብኝ፤ ቀጥሎ የአባቴ ደም ግፊት፤ ቀጥሎ ደግሞ እትዬ ስለማትሰማ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተጮሆ ይነገራል አልኩ። ውሸቴን ነው። ከእትዬ ጋር ለመነጋገር መጮህ አያስፈልግም ነበር። በጨርቅ መቁረጫው ጠመኔ ጥቁር ጨርቅ ላይ እጽፍላታለሁ፤ ታነብና በመዳፏ ታራግፈዋለች። አንድ ጊዜ በደማቁ «እትዬ፣ ያን ቀን» ብዬ ጻፍኩ። ቀና ብላ ጠበቀችኝ። ራሴ አራገፍኩትና «ሻይ ላፍላልሽ?» ብዬ ጻፍኩ። «አፍዪልኝ፣ ኢንጂነሯ» አለችኝ፤ ድምፅዋን መመጠን ስለማትችል በጣም ጮክ ብላ።

ባለፈው ወር ሞተች። አባቴ ቀብሯ ላይ እንደ ባዳ ከሰው ኋላ ቆሞ ዋለ። እኔም ከፊት ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰዎች ታማኝ ልጇ ናት እያሉ ደገፉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ጠራኝ። ስልኩ «ማስቀመጫው ሞልቷል» እያለ ቁም ስቅሉን አሳይቶታል። «ቦታ የለም፣ ቦታ የለም ይለኛል፤ ምን አስቀምጬበት ነው?» አለ። ወንበሩን ሳበና አጠገቤ ተቀመጠ። «ያቺን አምጪያት» አለኝ። አወጣኋት። ብዙ አያት። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«ይቅር ብያታለሁ። በሞተ ሰው ቂም አይያዝም። አጥፊው።»

ተጫንኩት። ስልኩ «መልእክቱ ይጥፋ?» አለኝ። አውራ ጣቴ «አዎ» ከሚለው በላይ ነበር። አንድ ጊዜ ብነካው አለቀ፤ የሚያውቅ የለም፣ የሚመሰክር የለም። እትዬም ባልሠራችው ጥፋት ይቅር እንደተባለች አፈር ውስጥ ትተኛለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት ራሴን ተጸይፌ አላውቅም፤ ጣቴ ሊነካው ፈልጎ ነበርና።

«አባዬ፣ ያየሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኩት። ቀዩን መስታወት፣ ፊኛውን፣ የቆመውን መዘውር፣ «አይገባሽም» ያልኳትን ሳይቀር። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ ነው የገባሽ?»

«በአሥራ ሦስት ዓመቴ።»

የዘጠኝ ዓመቷን ልጅ ምንም አላላትም። ከአሥራ ሦስት ወዲህ ያለችውን ግን ፊት ለፊት አያት፤ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ስልኩን ወደ እኔ ገፋው።

«አንብቢው» አለኝ።

አነበብኩት።

«ጮክ ብለሽ። ለእሷ እንደምታነቢላት።»

ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ አልኩ። «ተገኝቶበታል። ዝጊው።»

«ምኑን ነው የምዘጋው?» አለ አባቴ፣ በእህቱ ፈንታ።

«አዳራሹን፣ እትዬ» አልኩ።